በግራፊን ላይ የሚበራው ነጥብ አንድ ቻርጅ ነውን? ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂዬ አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ግቢ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በመከታተል ላይ ያሉ ተማሪ ናቸው። ያቀረቡት ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «በአንድ ሰሚናር ላይ የግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) ሆሎግራም (በሞገዶች መጠላለፍ የተመዘገበ ምስል) ታየና ‹እነዚህ ብሩህ ነጥቦች እያንዳንዳቸው አንድ ነጠላ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ናቸው› ተባልን። ቻርጅ ብርሃን አይሰጥም፤ ታዲያ ነጥቡ ለምን ይበራል? የሚያየው ኤሌክትሮን ራሱ ቻርጅ ያለው ሆኖ ሳለ የሚታየውን ቻርጅ ከቦታው ሳያፈናቅል እንዴት ያየዋል? መሣሪያው በሌለበት በአዲስ አበባ ሆኖስ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት ይቻላልን?»

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። ብሩህ ነጥቡ ቻርጁ አይደለም። ቻርጁ በዙሪያው የዘረጋው ኤሌክትሪክ መስክ በአጠገቡ በሚያልፉት ኤሌክትሮኖች ላይ ያሳደረው ውጤት ነው። ስለዚህ «አንድ» የሚለው ቁጥር ከምስሉ ላይ በዓይን የሚነበብ ሳይሆን ከምስሉ በስሌት የሚወጣ ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ከመነሻ ግምቶቹ የተሻለ ሊሆን አይችልም። በሰሚናሩ የተነገረው ስህተት ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ያጠረ አነጋገር ነው፤ የዚህ ምላሽ አብዛኛው ክፍልም ያጠረውን ለመዘርዘር የሚውል ነው።

ማንኛውም መቀበያ፣ የፎቶ ፊልምም ይሁን ዲጂታል ካሜራ፣ የሚመዘግበው የደረሰውን ሞገድ ኃይል ብቻ ነው፤ የሞገዱ ፌዝ፣ ማለትም ጫፉና ጎድጓዳው ከሌላው ሞገድ አንጻር ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ፣ በምዝገባው ላይ ይጠፋል። ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ አገር ራግቢ ከተማ ሆኖ ይህን የጠፋ መረጃ ለማዳን ያሰበው ዘዴ በናሙናው የተነካውን ሞገድ ካልተነካው ጋር አጠላልፎ መመዝገብ ነበር። ሆሎግራፊን ብዙ ሰው በሌዘርና በባንክ ካርድ ላይ በሚያብረቀርቀው ምስል ያውቀዋል እንጂ ጋቦር የተነሣው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን የመለየት አቅም ለማሻሻል ነው፤ በ1971 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ግን ዘዴው በሌዘር ዘንድ ገንኖ፣ በኤሌክትሮን ዘንድ ገና በጥቂት ቤተ ሙከራዎች የተወሰነ ነበር። ለኤሌክትሮኖቹ መንገዱን የከፈተው በ1950ዎቹ አጋማሽ በጀርመን ቱቢንገን ሞለንስቴትና ዱከር የሠሩት ባይፕሪዝም ነው፤ ይኸውም ቮልቴጅ የሚሰጠው እጅግ ቀጭን ሽቦ ሲሆን፣ በግራና በቀኙ የሚያልፉትን የኤሌክትሮን ሞገዶች ወደ መካከል አጥፎ እርስ በርስ እንዲጠላለፉ ያደርጋል።

ፌዝ ከቻርጅ ጋር የሚገናኘው በፖቴንሺያል፣ ማለትም ቻርጁ በየቦታው በሚፈጥረውና በቮልት በሚለካው የኤሌክትሪክ ደረጃ፣ በኩል ነው። በ300 ኪሎቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን 1 ቮልት ፖቴንሺያል ባለበት 1 ናኖሜትር ውፍረት ውስጥ ሲያልፍ ፌዙ በ0.00653 ራዲያን (ራዲያን የማዕዘን መለኪያ ነው) ይለወጣል። አሁን ይህን ከአንድ ነጠላ ቻርጅ ጋር እናዛምደው። ከአንድ መነሻ ቻርጅ (በመጠን የአንድ ኤሌክትሮን ቻርጅ የሚያህል) 1 ናኖሜትር ርቀት ላይ ፖቴንሺያሉ 1.44 ቮልት ነው። ኤሌክትሮኑ በቻርጁ አጠገብ በቀጥታ ሲያልፍ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ፖቴንሺያል ሁሉ ብንደምር ውጤቱ በሎጋሪዝም የሚለዋወጥ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ከቻርጁ ያለው ርቀት በ10 እጥፍ ሲጨምር የፌዙ ልዩነት 0.043 ራዲያን ያህል ነው። የአንድ ሙሉ የመጠላለፍ መስመር ስፋት 6.28 ራዲያን መሆኑን ካስታወስን፣ የምንፈልገው ምልክት መስመሩን ከስፋቱ አንድ መቶኛ በማይሞላ መጠን ብቻ የሚያዛንፍ ነው። በዓይን አይታይም፤ ሆኖም ይለካል።

እዚህ ላይ የጋውስ ሕግ ይመጣል፤ በእኔ ግምት የዚህ ዘርፍ ውበት ያለው በዚህ ስሌት ውስጥ ነው። በፌዝ ካርታው ላይ ቻርጁን የሚከብ ማንኛውንም ዝግ መስመር ይሳሉ፤ በየነጥቡ ፌዙ ወደ ውጭ የሚለወጥበትን ፍጥነት ወስደው በመስመሩ ዙሪያ ይደምሩ። ድምሩ የመስመሩ ቅርጽ ክብም ይሁን አራት ማዕዘን ሳይለውጠው፣ በ300 ኪሎቮልት ለእያንዳንዱ በውስጡ ላለ መነሻ ቻርጅ 0.118 ራዲያን ይሆናል። ሁለት ቻርጅ ካለ 0.236 ይሆናል፤ ምልክቱ ሲገለበጥ ደግሞ ቻርጁ ፖዘቲቭ የነበረው ኔጋቲቭ ነው ማለት ነው። በፈረንሳይ ቱሉዝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 ያሳተሙት ሥራ በዚሁ መንገድ በናኖ ቅንጣቶች ላይ ያለውን ቻርጅ በአንድ መነሻ ቻርጅ ትክክለኛነት መቁጠር እንደሚቻል አሳይቷል። በ2022 ደግሞ የጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ከሂታቺ ጋር ሆኖ በታይታኒየም ኦክሳይድ ላይ በተቀመጠች አንዲት የፕላቲኒየም ናኖ ቅንጣት ላይ ከአንድ እስከ ስድስት የሚደርሱ ቻርጆችን ለይቶ አሳውቋል፤ ጉዳዩ ለኬሚካል ማፍጠኛዎች ጥናት ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ቅንጣቷ ኤሌክትሮን መስጠቷ ወይም መቀበሏ ሥራዋን ይወስናልና።

እርስዎ በሰሚናሩ ያዩት ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ይመስለኛል፤ ዝቅተኛ ጉልበት ባላቸው ኤሌክትሮኖች የሚሠራው ነው። ይህን መንገድ ሃንስ-ቬርነር ፊንክና ባልደረቦቹ በ1990 በስዊዘርላንድ የጀመሩት ሲሆን፣ በግራፊን ላይ የነጠላ ቻርጆችን ምስልና እንቅስቃሴ ያሳየው ሥራ በ2016 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። አሠራሩ ሲታይ የሚያስገርም ቅለት አለው። ጫፏ እጅግ የሾለች የተንግስተን መርፌ ኤሌክትሮኖችን ትረጫለች፤ ጉልበታቸው ከ30 እስከ 250 ኤሌክትሮን ቮልት (አንዱ ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ሲፋጠን የሚያገኘው ጉልበት ነው) ነው፤ ከፊት ለፊቷ በአየር አልባ ቦታ ውስጥ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ግራፊን ተወጥሯል፤ ከበስተጀርባው መቀበያው አለ። በመካከሉ አንድም ሌንስ የለም። መርፌዋ ከግራፊኑ 200 ናኖሜትር፣ መቀበያው ደግሞ 10 ሳንቲሜትር ቢርቅ፣ በርቀቶቹ ንጽጽር ብቻ ምስሉ 500,000 ጊዜ ይጎላል። ግራፊኑን ሳይነካ ያለፈው ሞገድ እንደ ማጣቀሻ ያገለግላል፤ በላዩ በተለጠፉ አቶሞችና ሞለኪውሎች የተበተነው ከእርሱ ጋር ይጠላለፋል።

በ100 ኤሌክትሮን ቮልት የኤሌክትሮኑ የሞገድ ርዝመት 0.123 ናኖሜትር ሲሆን፣ ቀርፋፋ በመሆኑ ለተመሳሳይ ፖቴንሺያል የሚያሳየው የፌዝ ለውጥ ከ300 ኪሎቮልቱ 39 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ቅድም 0.043 ራዲያን ያልነው አሁን 1.7 ራዲያን ይሆናል ማለት ነው፤ ይህም ከመስመሩ ስፋት ሩብ በላይ ነው። ነገሩን በመንገድ ጥመት ብናየው ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፦ ከአንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ 10 ናኖሜትር ርቆ የሚያልፍ የ100 ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን ወደ ቻርጁ በ0.00144 ራዲያን ያዘነብላል፤ 10 ሳንቲሜትር ርቆ ያለው መቀበያ ላይ ሲደርስ ይህ 0.14 ሚሊሜትር ፈቀቅ ማለት ነው። የ300 ኪሎቮልቱ በተመሳሳይ ቦታ ሲያልፍ ጥመቱ ከዚህ 2,400 ጊዜ ገደማ ያንሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ እዚህ ላይ ነው። ፖዘቲቭ ቻርጅ በዙሪያው የሚያልፉትን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ስለሚስብ እንደ ትንሽ ሰብሳቢ ሌንስ ይሠራል፤ ከአካባቢው የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች በመካከል ስለሚከማቹ ነጥቡ ከጀርባው ይልቅ ይበራል። ኔጋቲቭ ቻርጅ በአንጻሩ ይበትናቸዋልና ጨለማ ነጥብ ይሠራል። ኤሌክትሮን የሚጋርድ ተራ ቆሻሻ በምንም መንገድ ቢሆን ምስሉ ከሆሎግራሙ በስሌት ተመልሶ ሲወጣ ከጀርባው የበለጠ ብሩህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ብሩህነቱ መስክ እንዳለ የሚያመለክት ጥሩ ማስረጃ ነው። ጨለማው ነጥብ ግን የሚጋርድ ነገርም፣ ኔጋቲቭ ቻርጅም ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በእርሱ ላይ ነው። ጉዳዩን በእጅዎ መሞከር ከፈለጉ በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ አንዲት ደቃቅ የዘይት ጠብታና አንዲት ቅንጣት ትቢያ አስቀምጠው በሌዘር ያብሩባቸው፤ ብርሃን የማትሰጠው ጠብታ ግድግዳው ላይ ብሩህ ማዕከል ስትሠራ ትቢያዋ ጥላዋን ብቻ በቀለበት ከብባ ታሳያለች።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ተመልካቹ የሚታየውን አያፈናቅለውም ወይ የሚለው፣ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያ በጨረሩ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ምስሉን ያበላሹታል ብለው ከሠጉ፣ ቁጥሩ ሥጋትዎን ያነሣልዎታል። የ10 ናኖአምፒር ጨረር በሰከንድ 62 ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖችን ያሳልፋል፤ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የ100 ኤሌክትሮን ቮልት ኤሌክትሮን በሰከንድ 5,900 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል በአማካይ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ርቀት አለ። መርፌዋ ከናሙናው የራቀችው ግን ከማይክሮሜትር ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ አንዱ ናሙናውን አልፎ እጅግ ከራቀ በኋላ ነው ሌላው ከመርፌዋ የሚነሣው፤ እያንዳንዱ የሚጠላለፈው ከራሱ ሞገድ ጋር ነው። የሂታቺው አኪራ ቶኖሙራና ባልደረቦቹ በ1989 ባሳተሙት ሥራ ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ እየደረሱ የመጠላለፍ መስመሮቹን ነጥብ በነጥብ ሲገነቡ አሳይተዋል።

በሁለተኛ ደረጃ ናሙናው ራሱ ምን ይደርስበታል? በ300 ኪሎቮልት አንድ ኤሌክትሮን ከካርቦን አቶም ጋር ፊት ለፊት ቢላተም እስከ 71 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ሊያስተላልፍ ይችላል፤ አንድን አቶም ከግራፊን ለመንቀል 20 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይበቃል። በ100 ኤሌክትሮን ቮልት ግን የሚተላለፈው ቢበዛ 0.018 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህ አቶምን ከቦታው የሚነቅል አይደለም። ያም ሆኖ ዝቅተኛ ጉልበት ማለት ጉዳት አልባ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ የሞለኪውሉን ኤሌክትሮኖች ማነቃቃትና በላላ ሁኔታ የተለጠፈውን ነገር ማንሸራተት ይችላል። በከፍተኛ ቮልቴጅም ቢሆን ችግሩ መንቀል ብቻ አይደለም፤ ጨረሩ ከማያስተላልፍ ቁስ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ኤሌክትሮኖችን እየገፈፈ ቁሱን ራሱ ፖዘቲቭ ያደርገዋል። ከላይ የጠቀስኩት የቱሉዙ ሥራ የለካውም ይህንኑ በጨረሩ የተፈጠረ ቻርጅ ነው። «ይህ ቻርጅ ከመመልከቴ በፊት ነበረን?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ መልሱም የጨረሩን መጠን እየለዋወጡ ቁጥሩ አብሮ ይለዋወጥ እንደሆነ በማየት የሚገኝ ነው።

አሁን ስለ ቁጥሩ አስተማማኝነት። ፌዝን የሚለውጠው ቻርጅ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ጠጣር ነገር፣ ቻርጅ ባይኖረውም እንኳ፣ የራሱ አማካይ ውስጣዊ ፖቴንሺያል አለው፤ ለካርቦን 9 ቮልት ገደማ ነው። እንግዲህ ድጋፍ የሆነው የካርቦን ሽፋን ውፍረት በአንድ ቦታ በ1 ናኖሜትር ብቻ ቢበልጥ ፌዙ በ300 ኪሎቮልት በ0.06 ራዲያን ያህል ይለወጣል፤ ርቀት በ10 እጥፍ ሲለወጥ ከአንድ ቻርጅ የምናገኘውን 0.043 ይበልጣል ማለት ነው። የጋውስ ዝግ መስመር የሚያድነን እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩ በባዶው ቦታ ከተሳለ በውስጡ ያለው የውፍረት ለውጥ ለድምሩ ምንም አይጨምርም። መስመሩ በሸካራ ሽፋን ላይ ካለፈ ግን ይህ መከላከያ ይፈርሳል። ናሙናው ከባዶ ቦታ ጋር የሚዋሰንበት ጠርዝ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ማጣቀሻው ሞገድ ነው። የቻርጅ መስክ ሩቅ ይደርሳል፤ «ያልተነካ» የምንለው ሞገድም በመጠኑ ተነክቷል፤ ስለዚህ የምንለካው የሁለቱን ልዩነት ነው። ግራፊን ላይ ሲሆን ደግሞ ግራፊኑ ራሱ አስተላላፊ ነውና ኤሌክትሮኖቹ ወደ ቻርጁ ተጠግተው ወይም ሸሽተው መስኩን በከፊል ይጋርዱታል። ከሆሎግራሙ ጋር የሚነጻጸረው ስሌት ይህን ጋሬጣ ካላስገባ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። የዙሪኩ ሥራ ከአንድ መነሻ ቻርጅ ያነሰ ክፍልፋይ እንኳ ሊለይ እንደሚችል ተገልጿል፤ አንድ ሞለኪውል ከግራፊኑ ጋር ኤሌክትሮንን በከፊል መጋራት ስለሚችል ክፍልፋይ በራሱ የሚያስደነግጥ አይደለም። እኔ ግን ክፍልፋይ ቁጥር ሲቀርብልኝ የመጋረድ ግምቱ ምን እንደነበረ ሳልጠይቅ አልቀበልም፤ እርስዎም በሰሚናሩ ይህን ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

የመጨረሻው ገደብ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ነው። የመስመሮቹ ኮንትራስት 40 በመቶ ከሆነ፣ ፌዝን በ0.01 ራዲያን ትክክለኛነት ለመለካት በእያንዳንዱ የምስል ክፍል 125,000 ኤሌክትሮኖች፣ በ0.001 ለመለካት ደግሞ 12.5 ሚሊዮን ያስፈልጋሉ፤ አሥር እጥፍ መሻሻል መቶ እጥፍ ኤሌክትሮን ያስከፍላል። ይህን ያህል እስኪከማች ናሙናው፣ ሽቦውና ወለሉ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት አለባቸው። መሣሪያውን በመሀል አዲስ አበባ መትከል ይቻል እንደሆነ ለሚያስቡ ደግሞ የመብራት መቆራረጡ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ በመስቀል አደባባይ በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚሄድ፣ በተነሣና በቆመ ቁጥር የሚለዋወጠው የማግኔት መስኩ ለእንዲህ ያለ ማይክሮስኮፕ ከንዝረቱ የባሰ ጠላት ነው። ቦታ መረጣው ከግዢው ይቀድማል።

አንድ ነገር በጎን ላንሣ። ነጠላ ቻርጅን ለማየት ሆሎግራፊ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በ2009 የአይ ቢ ኤም ዙሪክ ተመራማሪዎች በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (በሾለ መርፌ የገጽን ኃይል በሚዳስስ መሣሪያ) በጨው ሽፋን ላይ የተቀመጠች አንዲት የወርቅ አቶም ቻርጅ ያላት ወይም የሌላት መሆኗን ለይተዋል። በቦታ መለየት ረገድ የዚህ ማይክሮስኮፕ መርፌ ይበልጣል፤ ነገር ግን ገጹን ነጥብ በነጥብ ስለሚዳስስ ይዘገያል፤ ሆሎግራሙ ግን አካባቢውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚይዝ ቻርጁ ከቦታ ቦታ ሲዘል ወይም ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ለመከታተል ይመቻል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። አዎን፣ ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ተራ ላፕቶፕ ነው። የዚህ ዘርፍ ግማሽ ሥራ ስሌት ነው። ርዕሱን «ነጠላ ቻርጅን ማየት» ብለው ከማስፋት ይልቅ «የመጋረድ ግምት በሚሰላው ቻርጅ ላይ ምን ያህል ስህተት ያስገባል?» በሚል ቢያጠቡት ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ቻርጅ በግራፊን ላይ ያስቀምጡ፣ የ100 ኤሌክትሮን ቮልት ሆሎግራሙን ያስሉ፣ የኤሌክትሮን ቁጥር መዋዠቅን ይጨምሩበት፣ ከዚያም ቻርጁን እንደማያውቁ ሆነው መልሰው ያውጡት። በዚህ ጉልበት መንገዱ ቀጥተኛ ነው የሚለው ግምት ከቻርጁ ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሚላላ፣ ያንን ክልል ከማነጻጸሪያው ውጭ ማድረግ ይኖርብዎታል።

አንድ ወጥመድ ግን ከአሁኑ ልጠቁምዎ። ፖቴንሺያሉን በፉሪየር ለውጥ (ምስልን ወደ ሞገዶች ድምር በሚከፍል ስሌት) ካሰሉ፣ ኮምፒውተሩ ምስልዎ በአራቱም አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚደጋገም አድርጎ ይወስደዋል፤ የዜሮ ድግግሞሹን ክፍል፣ ማለትም የምስሉን አማካይ፣ መጣልዎም ሳያውቁት በምስሉ ሁሉ ላይ ተቃራኒ ቻርጅ እኩል እንደመርጨት ነው። ከምስሉ ጠቅላላ የገጽ ስፋት (ኤሪያ) ሩቡን የሚይዝ ዝግ መስመር ቢስሉ ድምሩ 1 ሳይሆን 0.75 ቻርጅ ይሰጥዎታል፤ መስመሩን ባሰፉ ቁጥርም ይቀንሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ክፍልፋይ ቻርጅ አገኘሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን ሲጀምሩ ምስሉን ከሚፈልጉት ብዙ እጥፍ አስፍተው መሥመሩን በመካከሉ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ይሳሉ፤ በመጀመሪያ በውስጡ ቻርጅ የሌለው ወፍራም የካርቦን ቁራጭ ብቻ አስቀምጠው ያስሉ። ድምሩ ዜሮ ካልሆነ ፕሮግራሙን ያስተካክሉ፤ ዜሮ ከሆነ ቻርጁን ያስገቡና መጋረዱን ወደ መለዋወጥ ይለፉ።